ቶርቶላ፣ ካታማራን፣ 7 ሌሊት፣ 8 ሰው፦ የጉዞ ዕቅዴን አርሙልኝ

#1 ሸራ_በጥር

ሰላም ለሁላችሁም። በብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶች ለ7 ሌሊት ባለ 45 ጫማ ካታማራን (ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ቀፎዎች ያሉት የሸራ ጀልባ) ከካፒቴን ጋር ለብቻችን ይዘናል። መነሻው ሮድ ታውን፣ ጊዜው ከጥምቀት በኋላ ያለው ሳምንት ነው። 8 ነን፤ 3ቱ መዋኘት አይችሉም፣ 2ቱ ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ። ጀልባው 4 መኝታ ክፍል አለው። ከሁሉ በላይ የምንፈልገው ስኖርክሊንግ ነው፤ በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ከሥር ያለውን ማየት።

ያረቀቅኩት ይኸው፦ ቀን 1 ከሰዓት በኋላ ከሮድ ታውን በቀጥታ ወደ ቨርጂን ጎርዳ፣ ዘ ባዝስ የተባለው ባለ ትልልቅ አለት ዳርቻ። ቀን 2 እና 3 አኔጋዳ። ቀን 4 ጆስት ቫን ዳይክ። ቀን 5 ኖርማን ደሴት፣ ዋሻዎቹና ኢንዲያንስ የተባሉት አለቶች። ቀን 6 ሶልት ደሴት፣ የሮን መርከብ ስብርባሪ። ቀን 7 ኩፐር ደሴት፣ በማግስቱ መመለስ።

ሰዓት ስትጽፉ በእኛ አቆጣጠር አድርጉት፤ ካፒቴኑ «8» ሲል የእኛ 2 ሰዓት መሆኑን ለቡድኑ ነግሬያለሁ።

#2 ነፋስ_ቆጣሪ

ቦታዎቹን በደንብ መርጠሃል፤ ቅደም ተከተሉ ግን መገልበጥ አለበት። በዚያ ወቅት ነፋሱ የሚነፍሰው ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ነው። በተለመደው ቀን ከ15 እስከ 20 ኖት (የባሕር ማይል በሰዓት) ይሆናል። በታኅሣሥና በጥር የሚነሣው፣ እዚያ የገና ነፋስ የሚሉት፣ 25 ኖት ደርሶ ቀናት ሊቆይ ይችላል። ቨርጂን ጎርዳ ከሮድ ታውን በስተምሥራቅ ናት። ስለዚህ የመጀመሪያውን ከሰዓት በኋላ፣ ማንም ባሕሩን ሳይለምድ፣ ነፋሱን በግንባር ስትጋፈጡ ልታሳልፉት ነው።

ካታማራን ወደ ነፋስ መውጣት አይሆንለትም። በሸራ እየተመላለሰ ሲወጣ በግራና በቀኝ መንገዱ መካከል ከ100 ዲግሪ በላይ ይከፍታል፤ የ12 ማይሉ መንገድ ወደ 20 ይጠጋል። በሞተር ብትሄዱም ማዕበሉ ሁለቱን ቀፎዎች የሚያገናኘውን ወለል ከሥር እየመታ ሳህንና ብርጭቆ ያንኳኳል። የማቅለሽለሽ ነገር የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

እንዲህ አድርገው፦ የመጀመሪያው ሌሊት ኖርማን ደሴት፣ ዘ ባይት። ከሮድ ታውን 6 የባሕር ማይል ገደማ ነው፤ ነፋሱ በጎን ስለሚመጣ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ሁለተኛው ኩፐር ደሴት። ሦስተኛው ቨርጂን ጎርዳ፣ ኖርዝ ሳውንድ። አራተኛውና አምስተኛው አኔጋዳ። ስድስተኛው ጆስት ቫን ዳይክ፤ ከአኔጋዳ ወደ 30 ማይል ነው፣ ነፋሱ ግን ከኋላ ይገፋችኋል። ሰባተኛው ተመልሳችሁ ኖርማን ወይም ፒተር ደሴት። ወደ ምሥራቅ የምትወጡት በትንሽ በትንሹ፣ ጠዋት ጠዋት ነፋሱ ሳይበረታ ይሆናል ማለት ነው። መጨረሻው ሌሊት ለሮድ ታውን ቅርብ መሆን አለበት፤ ጀልባ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 6 ሰዓት ቀትር ነው። ከጆስት በዚያው ጠዋት ልመለስ ካልክ ደግሞ ነፋሱ እንደገና ፊት ለፊት ነው።

ካፒቴን ቢኖርም አንድ ነገር እናንተም እወቁ። ነጠላ ቀፎ ያላት ጀልባ ነፋስ ሲበዛባት ታጋድላለች፤ በዚያ ሸራ መቀነስ እንዳለበት ታውቃላችሁ። ካታማራን አያጋድልም። ጭነቱን ሁሉ ምሰሶውና ገመዱ ዝም ብለው ይሸከሙታል፣ የሚሰበረውም ሳያስጠነቅቅ ነው። ስለዚህ ሸራ የሚቀነሰው በስሜት ሳይሆን በነፋስ መለኪያው ቁጥር ነው። ለብዙዎቹ የኪራይ ካታማራኖች የመጀመሪያው ቅነሳ 18 ኖት አካባቢ፣ ሁለተኛው 23 አካባቢ ነው፤ ትክክለኛው ሰንጠረዥ መሪው አጠገብ ወይም በጀልባው መጽሐፍ ውስጥ አለ። ከነፋሱ ወገን ጠቆር ያለ ደመና ከሥሩ ዝናብ አንጠልጥሎ ሲመጣ ሸራው የሚቀነሰው ሳይደርስ ነው።

#3 ኳስ_ያዥ

የ#2 መስመር ልክ ነው። እኔ የምጨምረው የማሰሪያ ኳሶቹን፣ ማለትም ጀልባ በመልሕቅ ፈንታ የሚታሰርባቸውን ተንሳፋፊ ኳሶች ነገር ነው፤ በእነዚህ ደሴቶች ቀኑን የሚከፋፍለው እሱ ነው።

ሁለት ዓይነት ናቸው። የሌሊቶቹ በክፍያ ናቸው፤ ለአንድ ሌሊት 50 ዶላር ገደማ ያዙ። ከፊሎቹ በስልክ መተግበሪያ ለዚያው ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ይከፈታሉ፣ በበዓልና በጥር ወቅት ተፈላጊዎቹ በደቂቃዎች ያልቃሉ። ሌሎቹ የቀደመ የሚይዛቸው ናቸው። እስከ 9 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ካልደረሳችሁ በዘ ባይትና በኩፐር ባዶ ኳስ ማግኘት ከባድ ነው።

ሁለተኛዎቹ የብሔራዊ ፓርኮች የቀን ኳሶች ናቸው፤ ስኖርክል የሚደረግባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ በእነሱ ሥር ናቸው። የፓርክ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ አከራዩ አስቀድሞ እንዲያወጣላችሁ ጠይቁ። ጊዜው 90 ደቂቃ ነው፣ ሌሊት ማደር አይቻልም። ቀይ ለማይጠልቁ ጀልባዎች የቀን ማሰሪያ፣ ቢጫ ለንግድ የጠላቂ ጀልባዎች፣ ሰማያዊ ለትንሿ የጎማ ጀልባ ብቻ ነው። ኢንዲያንስ ላይ ኳሶቹ ጥቂት ስለሆኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት መገኘት ነው። ዘ ባይት ካደራችሁ 15 ደቂቃ መንገድ ናት፤ የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያ ማደር የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

አስተሳሰሩ፦ ካፒቴኑ ጀልባውን ፊቱን ወደ ነፋስ አዙሮ በዝግታ ይጠጋል። ሁለት ሰዎች ፊት ላይ ይቆማሉ፤ አንዱ በረጅሙ መንጠቆ ከኳሱ የተንጠለጠለውን ገመድ ያነሣል፣ ሌላው የጀልባውን ገመድ በኳሱ ገመድ ጫፍ ባለው ቀለበት (ዓይን) ያሳልፋል። ከግራው ቀፎ የወጣው ገመድ በዓይኑ አልፎ ወደ ግራው ቀፎ ይመለስ፤ የቀኙም እንዲሁ በራሱ። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፦ አንድ ገመድ ከግራ አውጥቶ በዓይኑ አሳልፎ በቀኝ ማሰር። ጀልባው በነፋስ ወዲያ ወዲህ ባለ ቁጥር ገመዱ በዓይኑ ውስጥ እንደ መጋዝ ይመላለሳል፣ ጠዋት ተበልቶ ይገኛል። ከታሰረ በኋላ አንድ ሰው መነጽር አድርጎ ከኳሱ ሥር ያለውን ሰንሰለትና ማያያዣ ይይ። ሰንሰለቱ የሳሳ ከሆነ ሌላ ኳስ ያዙ።

ወደ ኋላ ከመሄዳችሁ በፊት የትንሿን ጀልባ መጎተቻ ገመድ አሳጥሩ። የላላ ገመድ በሞተሩ ማሽከርከሪያ ላይ መጠምጠሙ የተለመደ ነው፤ ግማሽ ቀን የሚያስቆመውም እሱ ነው።

መልሕቅ ከጣላችሁ በአሸዋ ላይ ብቻ። አሸዋ ከላይ ፈካ ያለ ሰማያዊ፣ ሣርና ኮራል ጠቆር ብለው ይታያሉ። የሰንሰለቱ ርዝመት የሚሰላው ከውሃው ጥልቀት ብቻ አይደለም፤ ከውሃው እስከ ጀልባው ፊት ያለው ከፍታም ይደመራል። ውሃው 4 ሜትር፣ ከፍታው 1 ሜትር ተኩል ከሆነ 5 ሜትር ተኩል በ5 ሲባዛ 28 ሜትር ገደማ ይለቀቃል፤ ነፋስ ከበረታ በ7 አባዙ።

#4 ጠልቆ_አየ

መዋኘት ስለማይችሉት 3 ሰዎች የተናገረ የለም፤ እኔ ግን ዕቅዱን በእነሱ ልክ ባወጣው ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ የሚታየው መነጽሩ ነው። ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊት ላይ ግጠሙትና በአፍንጫ ትንሽ አየር ሳቡ፤ እጃችሁን ስትለቁ ሳይወድቅ ከቆየ ልካችሁ ነው። በጀልባው ላይ የሚገኙት መነጽሮች ለሁሉም ፊት አይሆኑም፣ ለማይዋኝ ሰው የራሱን መግዛት ዋጋ አለው። ውሃ የሚያስገባው አብዛኛውን ጊዜ በሲሊኮኑ ጠርዝ ሥር የገባ ፀጉር ነው። ሹሩባ የተሠራች ሴት ግንባሯ ላይ ያለው ጉንጉን ከጠርዙ ውጭ መሆኑን ታረጋግጥ። ማሰሪያውም ጉንጉኑ ላይ ስለሚንሸራተት በጨርቅ የተሸፈነ ሰፊ ማሰሪያ ይሻላል፤ ቦታው ማጅራት ላይ ሳይሆን ከጆሮ በላይ የጭንቅላቱ ጉብታ ላይ ነው። አዲስ መነጽር በመስታወቱ ላይ የፋብሪካ ቅባት አለበት፣ ከጉዞው በፊት በጥርስ ሳሙና ሁለት ሦስት ጊዜ ፈትጉት። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ጥልቂያ አንድ ጠብታ የሕፃን ሻምፖ ቀብቶ መለቅለቅ ይበቃል።

ልምምዱን ወገብ በሚደርስ ውሃ ጀምሩ። ቆሞ፣ ፊትን ብቻ ነክሮ በቱቦው በዝግታ 5 ደቂቃ መተንፈስ። ከዚያ ቱቦውን ሆን ብሎ ውሃ አስገብቶ በአንድ ኃይለኛ ትንፋሽ ማስወጣት። ይህን ያልቻለ ሰው ወደ ጥልቁ አይሂድ። የሰው ትንፋሽ የሚጠፋው ውሃ ገብቶበት ሳይሆን ደንግጦ በአጭር በአጭሩ ስለሚተነፍስ ነው።

ጥልቁ ላይ ደግሞ የሚነፋ የስኖርክል ሰደርያ፣ ከሥሩ ረጅም የስፖንጅ በትር፣ አጠገቡ አንድ ዋናተኛ። 3 ለማይዋኙ 3 ዋናተኛ ማለት ነው፣ አንድ ሰው ሁለት አይዝም። ትንሿ ጀልባ ሰው ተቀምጦባት በቅርብ ትከተል። ወደ ውሃ የሚገባው በኋላው ደረጃ፣ ሁለቱም ሞተሮች ጠፍተው ነው፤ ማርሽ አልገባም ማለት አይበቃም። መጀመሪያ የውሃውን ግፊት (ጅረቱን) ተቃርናችሁ ዋኙ፣ ስትደክሙ ግፊቱ ወደ ጀልባው ይመልሳችኋል። ኢንዲያንስ አራት አለቶች ናቸው፣ ዙሪያቸው እስከ 15 ሜትር ይጠልቃል፤ ከአለቶቹ ዳርቻ ግፊት ስለሚኖር ለማይዋኙት በተከለለው ወገን ብቻ ይሁን። በኖርማን ትሬዠር ፖይንት ያሉት ዋሻዎች ባሕሩ ሲረጋ ይቀላሉ፤ ውኃ የማይገባው ባትሪ ያዙ፣ ውስጡ ያለው ቀለም ያለ ብርሃን አይታይም።

ዘ ባዝስ ላይ ትንሿን ጀልባ ወደ ዳርቻ ማስጠጋት አይቻልም፤ ከሰማያዊው ኳስ አስራችሁ ዋኝታችሁ ነው የምትወጡት። ስለዚህ የማይዋኙትን በስፓኒሽ ታውን ወደብ አውርዷቸውና በታክሲ ከላይ በመንገዱ ይምጡ፤ 10 ደቂቃ ነው። ከሰሜን አትላንቲክ ረጅሙ ሞገድ ሲመጣ ዳርቻው በኃይል ይመታል፣ ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ለጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን ክልክል ነው።

#5 ሸራ_በጥር

እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ጥያቄ፦ ፊትን ሙሉ የሚሸፍነው መነጽር ለማይዋኙት አይቀልም? ሮን ላይስ ስኖርክል አድራጊ የሚያየው ነገር አለ?

#6 ጠልቆ_አየ

ፊት ሙሉ የሚሸፍነውን አልመክርም። ውስጡ ያለው ክፍት ቦታ ሰፊ ስለሆነ፣ በተለይ ቫልቩ ደካማ ሲሆን፣ የተነፈስነው አየር ተመልሶ ይሳባል፤ ሰው ሲደነግጥና ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ይብሳል። ውሃ ከገባበት በትንፋሽ አይወጣም፣ ከፊት ማውለቁም ጊዜ ይወስዳል። ተራውን ቱቦ ግን ከአፍ መትፋት ብቻ ነው።

ሮን ለጠላቂ እንጂ ለስኖርክል አይደለም፤ እኔ ብሆን እዘለዋለሁ።

#7 ኳስ_ያዥ

እዚህ ላይ አልስማማም። ሮን በጥቅምት 29 ቀን 1867 በፈረንጆቹ በከባድ አውሎ ነፋስ ከሶልት ደሴት አለት ጋር ተጋጭታ የሰጠመች የፖስታ መርከብ ናት። ፊቷ 24 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ እውነት ነው፣ ከላይ አይታይም። የኋላ ክፍሏ ግን ከ10 ሜትር ባነሰ ውሃ ውስጥ ነው፤ ፀሐይ ከፍ ባለችበት፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት፣ ትልቁ የነሐስ ማሽከርከሪያዋ ከላይ ይታያል። ለዋናተኞቹ 5 ሰዎች ይህን የሚተካ የለም። ቦታው የባሕር ፓርክ ነው፦ መልሕቅ መጣል፣ መንካት፣ አንዲት ቁራጭ ማንሣት ክልክል ነው።

#8 ጠልቆ_አየ

ግፊቱን ረሳኸው። በዚያ ነጥብ ላይ ውሃው ወደ ክፍት ባሕር ሊወስድ ይችላል። ባሕሩ ጠፍጣፋ በሆነበት ቀን፣ ትንሿ ጀልባ እየተከተለች ከሆነ እሺ። ያለዚያ በኩፐር ደሴት ያለው ሲስተርን ፖይንት ይበቃል።

#9 ኳስ_ያዥ

በዚህ እስማማለሁ።

#10 ወረቀት_አይረሳ

የጉዞ ሰነዱን ነገር ያነሣው ስለሌለ ልጨምር፤ ከአሜሪካ ለምትነሡ ነው።

ከሴንት ቶማስ ወደ ቶርቶላ የሚሻገረው ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ቢሆንም ከአሜሪካ ግዛት ወጥቶ ወደ ሌላ አገር መግባት ነው። ግሪን ካርድ ያለው ካርዱንና ፓስፖርቱን ይያዝ፤ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የመግቢያ ሕጉን ከደሴቶቹ ኢሚግሬሽን በጽሑፍ አረጋግጡ። የጥገኝነት ጉዳዩ በሂደት ላይ ያለ ሰው ግን ቅድሚያ የመመለሻ ፈቃድ ሳያገኝ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠራል። ከቡድኑ አንድ እንኳ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ከጠበቃ ሳይማከር አይነሣ። «በዩኤስ ቨርጂን ደሴቶች ብቻ እንቆይ» የሚልም አለ፤ የሴንት ጆን ብሔራዊ ፓርክ በእርግጥ ያማረ ነው፣ ማሆ ቤይ የሣሩ ላይ ኤሊዎች፣ ትራንክ ቤይ የውሃ ውስጥ መንገድ አለው። ነገር ግን ከሴንት ቶማስ ወደ ዋናው አሜሪካ ስትመለሱም በአውሮፕላን ማረፊያው የድንበር ፍተሻ አለ።

በሴንት ቶማስ በኩል ከሆነ አውሮፕላኑ ቀትር አካባቢ የሚደርስ ይሁን፤ የመጨረሻው ጀልባ ካመለጠ ማደር ነው። ከ2023 ጀምሮ ከማያሚ ወደ ቶርቶላ የሚሄድ ቀጥታ በረራም አለ፣ ማረፊያው በድልድይ በተገናኘችው ቢፍ አይላንድ ላይ ነው።

የፀሐይ መከላከያ ቅባት፦ የዩኤስ ቨርጂን ደሴቶች ከ2020 ጀምሮ ኦክሲቤንዞን፣ ኦክቲኖክሴትና ኦክቶክራይሊን ያለበትን ቅባት ከልክለዋል፤ ኮራልን ይጎዳሉ። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ያዙ። የተሻለው ግን ረጅም እጅጌ የዋና ሸሚዝ ነው። ውሃው በጥር 26 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም ብዙ የማይንቀሳቀሰው የማይዋኝ ሰው በ30 ደቂቃ ውስጥ ይበርደዋል፣ ሸሚዙ ለዚያም ይጠቅማል።

#11 የጓዳ_ሰው

መጀመሪያ የመኝታውን ሒሳብ አስተካክሉ፦ 4 ክፍል ለ8 ሰው ልክ ነው፤ ካፒቴኑስ? የካፒቴን አልጋ በአንዱ ቀፎ የፊት ጫፍ ውስጥ መኖሩን አከራዩን ጠይቁ። ከሌለ አንድ ክፍል የእሱ ነው። የቀን ክፍያው፣ ምግቡና መጨረሻ ላይ የሚሰጠው ጉርሻ በበጀቱ ውስጥ ይግቡ።

ስለ ጾሙ፦ ምግብ የሚገዛላችሁ ሌላ ሰው ከሆነ «ቪጋን» ብላችሁ ጻፉ፣ ዓሣም ቅቤም እንቁላልም እንደማይገባ በተለይ አስረዱ። እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የሚጾም ሰው በዚያን ቀን ግፊት ያለበት ቦታ አይዋኝ፤ ፀሐይና የጨው ውሃ ሰውነትን ያደርቃሉ። የረቡዕና የዓርብ ስኖርክል ጠዋት በጠራ፣ ጥልቀት በሌለው ቦታ ይሁን። እንጀራ ብትይዙ በሦስተኛው ቀን በእርጥበቱ ይሻግታል። ድርቆሽ፣ ሽሮና በርበሬ ይዛችሁ ፍርፍር መሥራት ነው የሚያዋጣው። በመግቢያ ቅጹ ላይ ምግብ መያዛችሁን አስመዝግቡ፣ ሥጋና ወተት ነክ አትያዙ።

ምድጃው በጋዝ ነው። ጋዙን የሚከፍት ማብሪያ ማዕድ ቤቱ ውስጥ አለ፣ ከእያንዳንዱ ማብሰል በኋላ ይጥፋ። ውሃ፦ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ብንይዝ ለ8 ሰው 200 ነው፤ 700 ሊትር የሚይዝ ማጠራቀሚያ በሦስት ቀን ተኩል ያልቃል። ኖርዝ ሳውንድ ሌቨሪክ ቤይ ላይ መሙላት ይቻላል፣ የሦስተኛው ሌሊት ማረፊያችሁ መሆኑ ጥሩ ነው። ሽንት ቤቱ ውስጥ በሆድ ያላለፈ ነገር አይገባም፣ ወረቀትም ቢሆን፤ ሲደፈን ቱቦውን የሚፈታው ከእናንተው አንዱ ነው።

የማቅለሽለሽ ክኒን አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው የሚወሰደው፤ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ አይረዳም። የታመመ ሰው ወደ ክፍሉ አይውረድ፣ ኋላ ተቀምጦ አድማሱን ይይ።

#12 ነፋስ_ቆጣሪ

የአኔጋዳን ነገር ሳልጨርስ። ከሌሎቹ ተራራማ ደሴቶች በተቃራኒ ከፍታዋ 8 ሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ እስክትጠጉ ድረስ ዛፉ እንጂ መሬቱ አይታይም። በደቡብ ምሥራቅዋ ሆርስሹ ሪፍ የተባለው የኮራል አለት ወደ 29 ኪሎ ሜትር ይዘረጋል። ከኖርዝ ሳውንድ 13 ማይል ገደማ ስለሆነች ከጠዋቱ 3 ሰዓት ብትነሡ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ትደርሳላችሁ፤ ኮራሉ የሚለየው በዚያን ጊዜ ነው። መግቢያው ላይ ውሃው ወደ 3 ሜትር ይወርዳል። ቀይ ምልክት ስትገቡ በቀኝ ነው፤ በአውሮፓ ወይም በዱባይ የሠለጠነ ሰው ካላችሁ የለመደው ተቃራኒውን ነውና ይጠንቀቅ። ስኖርክሉ ያለው በሰሜኑ ዳርቻ በሎብሎሊ ቤይ ነው፣ በታክሲ ይኬዳል። ትንበያው ከ25 ኖት በላይ ከሆነ አኔጋዳን ሰርዙና ኖርዝ ሳውንድ ቆዩ።

#13 ጠልቆ_አየ

ከመነሣታችሁ በፊት ለቡድኑ የሚነገር፦ ሰናፍጭ የሚመስል ቢጫ፣ ጫፉ ነጣ ያለው የእሳት ኮራል ነው፣ ይለበልባል፤ ኮምጣጤ ያዙ። የአንበሳ ዓሣ እሾሁ መርዛም ነው። የአንገት ወርቅና መስቀል ከመግባታችሁ በፊት አውልቁ፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ባራኩዳን ይስባል። ከኮራል አካባቢ የተያዘ ባራኩዳም አይበላም፣ በማብሰል የማይጠፋ መርዝ ሊኖረው ይችላል። ዳርቻ ላይ ትናንሽ አረንጓዴ ፖም የሚመስል ፍሬ ያለው ማንቺኒል የሚባል ዛፍ አለ፦ ፍሬው አይቀመስ፣ በዝናብም ከሥሩ አትጠለሉ፣ ጭማቂው ቆዳ ያቃጥላል።

#14 ሸራ_በጥር

የተስተካከለው፦ 1 ዘ ባይት። 2 ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ኢንዲያንስ፣ ዋሻዎቹ፣ ማታ ኩፐር። 3 በንጋት ዘ ባዝስ፣ የማይዋኙት በስፓኒሽ ታውን፣ ከዚያ ሌቨሪክ ቤይ ውሃ መሙላት። 4 እና 5 አኔጋዳ፣ ነፋሱ ከፈቀደ። 6 ጆስት። 7 ኖርማን። ሮን ለ5ቱ ብቻ፣ በ2ኛው ቀን ባሕሩ ከረጋ። አከራዩ የካፒቴን አልጋ በቀኙ ቀፎ ጫፍ አለ ብሏል። የቀረ ነገር?

#15 ኳስ_ያዥ

የ2ኛው ቀን በዝቷል። ኢንዲያንስ 90 ደቂቃ፣ ዋሻዎቹ 90 ደቂቃ፣ ከዚያ ነፋሱን ተቃርኖ 7 ማይል፤ ሮን ከተጨመረ ኩፐር የምትደርሱት 10 ሰዓት አልፎ ነው፣ ኳስ አይኖርም። ዋሻዎቹን ወደ 7ኛው ቀን አዛውራቸው፣ ኖርማን ትመለሱ የለ።

የትንሿን ጀልባ ሞተር የሚነዳ ሰው ቀዩን የማጥፊያ ገመድ እጁ ላይ ያስር፤ ቢወድቅ ሞተሩ ይቆማል። ማታ በብረት ገመድ ተቆልፋ ከውሃ በላይ ተሰቅላ ትደር።